ወፍጮ፣ ብዕር እና አዋጅ፤ ከቦረናና ከሳይንት ደጋ ለእኛ ለክርስቲያኖች

አንድ ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። የስድስታችንም አንገት ላይ ማዕተብ አለ። ወሬያችን ከኳስ ወደ ኑሮ ውድነት፣ ከኑሮ ውድነት ደግሞ ወደ ሃይማኖት ተሻገረና መሞቅ ጀመረ። እገሌ እንዲህ ብሎ ተናገረ፣ እነ እንትና እንዲህ ብለው መለሱለት፣ እኛስ ለምን ዝም እንላለን እየተባለ ድምፃችን ከፍ ከፍ አለ። በዚህ መሐል ከመካከላችን አንዷ አንድ ቀላል ጥያቄ ወረወረች።

«ሌሊት ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የምንሰማውን ሰዓታት የደረሰው ማን ነው?»

ጸጥ አልን። አንዱ እንደ መገመት ብሎ «ያሬድ» አለ። ሌላው «ከውጭ የመጣ ይመስለኛል» አለ። የቀረነው ስኒያችንን ማየት ጀመርን። ከደቂቃ በፊት ለእምነታችን ጠብ ለመግጠም የተዘጋጀን ሰዎች፣ ከልጅነታችን ጀምሮ በእንቅልፍ ልባችን የሰማነውን ጸሎት ማን እንደ ደረሰው አናውቅም ነበር። አፈርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ እፍረት ውጤት ነው።

የሰዓታቱ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ጋስጫ ያለችው ደግሞ በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም አገር ነው። (ቦረና ሲባል ብዙዎቻችን ሐሳባችን ወደ ደቡብ፣ ወደ ያቤሎ ይሄዳል። ይኼኛው ቦረና በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጫፍ ያለው ነው።) ከደሴ ተነሥታችሁ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጣችሁ ወደ ምዕራብ ስትዘልቁ መካነ ሰላምን ታገኛላችሁ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ስላለባት ከየከተማው የሄዱ ተማሪዎች ያውቋታል። ከእነርሱ ውጪ ያለን የከተማ ልጆች ግን ስሟንም እምብዛም አንሰማ።

ስለዚህ አገር ማንበብ ስንጀምር አንድ ነገር አስገረመን። «ክርስትናን በተግባር መከተል ማለት ምን ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በዚህ በአንድ ደጋና በአካባቢው ቢያንስ ሦስት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል። አንዱን መነኩሴ፣ አንዱን ንጉሥ፣ አንዱን ደግሞ አዋጅ ሰጥቶታል። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስንጠቀም «ዓ.ም.» እንላለን።

ትምህርት ያልገባው ልጅ

አባ ጊዮርጊስ የኖረው በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባላል፤ በንጉሡ ድንኳን ያገለግል የነበረ የተማረ ካህን ነው። እንግዲህ ልጁ የሊቅ ልጅ ነው ማለት ነው። አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላከው። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ወንበር ከዘረጋበት ጊዜ ጀምሮ የአገሪቱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ልጁ ጥሩ ቤተሰብም ጥሩ ትምህርት ቤትም ነበረው።

ችግሩ ትምህርቱ አልገባ አለው። ገድሉ እንደሚተርከው ሰባት ዓመት ተቀምጦ አልሆነለትም። መምህራኑ ተስፋ ቆርጠው ወደ አባቱ መለሱት። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ልጅ መልሼ አልወስድም፣ እዚያው ገዳሙን ያገልግል ብሎ መልሶ ላከው። ልጁም ወፍጮ ቤት ገባ። ለመነኮሳቱ እህል ይፈጭ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በዚያ ዘመን እህል መፍጨት የሊቅ ልጅ ሥራ አይደለም። ጓደኞቹ ቅኔ ሲቀኙ፣ ዜማ ሲያዜሙ፣ እርሱ ድንጋይ ላይ ተደፍቶ ይውላል። እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? ሁለት ነገር ይታየናል። ወይ «ድሮም የኔ ነገር አይደለም» ብለን ጥለን እንሄዳለን፤ ወይ ደግሞ የሊቅ ልጅ መሆናችንን እያወራን፣ በአባታችን ስም እየኮራን እንኖራለን። ሁለተኛው ዛሬ በጣም ተለምዷል። «አያቴ መሪጌታ ነበሩ» የሚል ስንት ሰው አለ! እርሱ ራሱ ግን ውዳሴ ማርያም አይደግምም።

ጊዮርጊስ ቀን እየፈጨ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየጸለየ ቆየ። ገድሉ የተዘጋው አእምሮው የተከፈተለት በዚያ ጸሎት፣ በእመቤታችን አማላጅነት ነው ይላል። ታሪኩን ብዙ ጊዜ በስብከት ስንሰማ ተአምሩ ላይ እንቸኩላለን። እኛን የነካን ከተአምሩ በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ ያልገባውን ነገር ሳይተው የቆየባቸው ዓመታት። ከተከፈተለት በኋላም ቢሆን ከወፍጮው ወዲያው አልተነሣም፤ እየፈጨ ይደርስ ነበር ይባላል።

ከዚያ ወፍጮ ቤት የወጣው ሰው ከኢትዮጵያ ደራስያን ግንባር ቀደሙ ሆነ። ሰዓታቱ፣ አርጋኖኑ፣ ውዳሴ መስቀሉ፣ ፍካሬ ሃይማኖቱ፣ መጽሐፈ ምስጢሩ የእርሱ ናቸው። ስድስት መቶ ዓመት አልፎ ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሰዓታት ይቆማል።

ታስሮም የጻፈ

የአባ ጊዮርጊስ ሕይወት ከዚያ በኋላ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በቤተ መንግሥት ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በትምህርተ ሃይማኖት ተከራከረ። ገድሉ እንደሚለው በዚህ ጠብ የተነሣ በዐፄ ዳዊት ዘመን እስከ መታሰር ደርሷል። ክርክሩ በወቅቱ ቀልድ አልነበረም። የንጉሥ ፊት የሚጠቁርበትም፣ ሰው ወደ ግዞት የሚሄድበትም ክርክር ነው።

ታዲያ ጊዮርጊስ ለዚህ ሁሉ መልሱ ምን ነበር? መጽሐፍ። መጽሐፈ ምስጢርን በ1424 ፈጸመ። በዚህ መጽሐፍ ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ ንስጥሮስንና ሌሎችንም፣ የራሱን ተከራካሪ የቢቱን ትምህርትም ጭምር እያነሣ ከመጻሕፍት ይመልሳል። ለመመለስ ደግሞ መጀመሪያ ያኛው ምን እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። ይህን የመሰለ መጽሐፍ በስድብ አይጻፍም፤ ብዙ ማንበብ፣ ብዙ መቀመጥ ይጠይቃል።

እኛ ዛሬ ክርክር የምንለውን ከዚህ ጋር ስናስተያየው እናፍራለን። የአንዱን ንግግር ሠላሳ ሰከንድ ቆርጠን እናያለን፤ ሙሉውን አንሰማም። ከሥሩ ስድብ እንጽፋለን። ከዚያ «ለሃይማኖቴ ቆምኩ» ብለን ረክተን እንተኛለን። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን የተሳደብንለትን ትምህርት ቁጭ ብለን ለአምስት ደቂቃ ማስረዳት የምንችል?

ባለ ዕዳው ንጉሥ

ከቦረና ብዙም ሳንርቅ ወደ ሳይንት እንሻገር። እዚያ ተድባበ ማርያም አለች። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በኦሪቱ ዘመን መሥዋዕት ከተሠዋባቸው ከአራቱ ቦታዎች አንዷ ናት፤ አክሱም፣ ጣና ቂርቆስና መርጡለ ማርያም ሌሎቹ ናቸው። የተድባበ ማርያም አለቃ ከጥንት ጀምሮ «ፓትርያርክ» የሚል ማዕረግ አለው። የዐፄ ገላውዴዎስ አስከሬን ያረፈውም እዚህ ነው።

ገላውዴዎስ በ1540 ሲነግሥ ገና ወጣት ነበር፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። አባቱ ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ጦር ከቦታ ቦታ ሲሳደድ ኖሮ ሞቷል። አድባራት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ብዙ ሰው ወድዶም ተገድዶም ሃይማኖቱን ለውጧል። በዚህ መሐል ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመራው አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደር ለእርዳታ መጣ። ዳ ጋማ ራሱ ተማርኮ ተገደለ፤ ከሰዎቹም ብዙዎቹ አለቁ። የተረፉት ከገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድን ድል አደረጉ።

እንግዲህ ንጉሡ ባለ ዕዳ ነው። ደም የፈሰሰበት ዕዳ። ብዙም ሳይቆይ የዕዳው ጥያቄ መጣ፤ ወደ ሮም ሃይማኖት ግባ የሚል ነው። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪገስ የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ መጥቶ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የሚነቅፍ ጽሑፍ አቀረበ። ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ የአሳማ ሥጋ አትበሉም፤ ስለዚህ አይሁድ ናችሁ የሚል ክስ ነበረበት።

ገላውዴዎስ ሦስት መንገድ ነበረው። አንዱ መፈረም ነው፤ ጠመንጃ ያስገኝለታል። ሁለተኛው ሰዎቹን ማባረር ወይም ማሰር ነው፤ ንጉሥ ነውና ይችላል። ሦስተኛው ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። እርሱ ሦስተኛውን መረጠ። በዚያው በ1555 የሃይማኖት መግለጫውን ጻፈ። አጭር ጽሑፍ ናት። መጀመሪያ ስለ ሥላሴና ስለ ክርስቶስ የሚያምነውን በግልጽ ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ክሶቹ ይገባል። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፣ ሥጋ ወደሙ እናቀርብበታለን ይላል። ግርዘት ደግሞ የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድ ጆሮን እንደ መብሳት ነው ብሎ ያነጻጽራል። የአሳማውንም ነገር የወደደ ይብላ፣ ያልወደደ ይተው፣ በሕግ የተገደደ የለም ብሎ ይዘጋዋል።

ይህች ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በኋላ በሂዮብ ሉዶልፍ አማካይነት አውሮፓ ታትማ ተነባለች። እኛን የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ እምነቱን ከልማዱ ለይቶ ያውቅ ነበር! የትኛው መሠረት ነው፣ የትኛው ያገሬ ባህል ነው የሚለውን ለይቶ ነው የመለሰው። እኛ ይህን ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንለያለን? ብዙ ጊዜ የምንጣላው በመሠረቱ ሳይሆን በልማዱ ነው፤ ነጠላው እንዴት ተጣፋ፣ ጭብጨባው ስንት ጊዜ ሆነ በሚል።

ሌላም ነገር አለ። ንጉሡ እምቢ አለ እንጂ እንግዶቹን ጠላት አላደረጋቸውም። በ1557 የመጣውን ጳጳስ አንድሬስ ደ ኦቪየዶን ተቀብሎ ተከራክሮታል። ኦቪየዶ በእርሱ ዘመን ከአገር አልተባረረም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚሁ ኖሮ ፍሬሞና ላይ አረፈ። በአቋም መጽናትና በሰው ላይ መጨከን አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ገላውዴዎስ በ1559 ከሐረሩ ኑር ጋር ሲዋጋ በሰሙነ ሕማማት ወደቀ። ራሱ ተቆርጦ ሐረር ተወሰደ፤ ቀሪው አካሉ ተድባበ ማርያም ተቀበረ።

አዋጁ

ሦስተኛው መልስ የተሰጠው ከደሴ አጠገብ ባለችው፣ ዛሬ በሆስፒታሏ በምትታወቀው በቦሩ ሜዳ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ምሥራቅ ይርቃል፤ ውጤቱ ግን የወሎን ደጋ ሁሉ አዳርሷል። ይህን ታሪክ ብንዘልለው ይሻለን ነበር። ግን ደስ የሚለንን ብቻ እያነሣን ከታሪክ ተማርን ማለት ራስን ማታለል ነው።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. (1878) ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የሊቃውንት ጉባኤ አደረጉ። በክርስቲያኖቹ መካከል የነበረው የጸጋና የተዋሕዶ ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት ተቋጨ። ከዚያ አዋጅ ወጣ። ተሸናፊዎቹ ክርስቲያኖችም፣ ሙስሊሞችም፣ ሌሎችም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የንጉሡን ሃይማኖት እንዲቀበሉ ተባለ። ለሙስሊሞቹ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር። የወሎ መኳንንት ከሹመታቸው ወይም ከሃይማኖታቸው አንዱን እንዲመርጡ ሆነ። መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። ብዙ ሕዝብ በየወንዙ ተጠመቀ። ያልተቀበሉት ተሰደዱ፤ እንደ ሼኽ ጦልሓ ያሉት ደግሞ በተቃውሞ ተነሡ። ቀን ቤተ ክርስቲያን ስመው ማታ በጓዳቸው ሰግደው የሚያድሩም ነበሩ።

ፍሬው ምን ሆነ? ንጉሥ ሚካኤል እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ በክርስትናቸው ኖረዋል፣ ቤተ ክርስቲያንም አሠርተዋል። ልባቸውን እኛ አንፈርድም። ግን ከ38 ዓመት በኋላ ምን እንደ ተፈጠረ ተመልከቱ። በ1916 ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር። አባቱ በአዋጅ የገቡበት ቤት ልጁን መቼም አላመነውም። በግድ የመጣ ሰው ሁልጊዜ ይጠረጠራል፤ የሚጠረጥረውም ያው የገፋው ሰው ነው።

በአዋጅ ክርስቲያን ማድረግ በክርስቲያኖቹ መካከልም ቢሆን ሠርቶ አያውቅም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አውጆ አገሩን እንዲከተለው ቢያስገድድ፣ አሥር ዓመት ደም ፈስሶ በ1632 ራሱ አዋጁን ሻረው። ያኔ የተገፋችው ተዋሕዶ ነበረች። መገፋትን እያወቅነው ገፋን፤ ይህ ነው የሚያሳዝነው።

በዚያው በቦሩ ሜዳ ግን ሌላ ሰውም ነበር። መምህር አካለ ወልድ። በጉባኤው ከተዋሕዶ ወገን ከተከራከሩት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። ጉባኤው ተበትኖ ነገሥታቱ ወደየአገራቸው ሲሄዱ እርሳቸው ቦሩ ሥላሴ ላይ ወንበር ዘርግተው ረጅም ዘመን መጽሐፍ ሲያስተምሩ ኖሩ። ዛሬ ደሴ ላይ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ከአዋጁ የተረፈው ትዝታው ነው። ከወንበሩ የተረፉት ደግሞ ተማሪዎች፣ የተማሪዎች ተማሪዎች ናቸው።

እኛስ?

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ስድስታችን እንደገና ተገናኘን። ያዕቆብ በመልእክቱ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን እንደሚናገር ሁላችንም እናውቃለን። ግን «ሥራ» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ሌላው ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ማሸነፍ፣ ማስቆም፣ ማሳፈር። የቦሩ ሜዳ ዓይነት ሥራ። የጋስጫው ሥራ በራስ ላይ የሚሠራ ነው። የሚያስቸግረውም እርሱ ነው፤ ማንም አያየውማ!

ስለዚህ ትንሽ ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ በየቀኑ የምንሰማውን ወይም የምንደግመውን አንድ ጸሎት መርጠን ትርጉሙን እንማራለን፤ ግእዙ ካልገባን ሰፈራችን ካሉት የኔታ እንጠይቃለን። ደንቆሮ መባልን አንፈራም፤ አባ ጊዮርጊስም ተብሏል። ሁለተኛ፣ ያላነበብነውን አንተችም፣ ያልሰማነውን አንሳደብም። ስለ እምነታችን ሲጠይቁን እንደ ገላውዴዎስ መሠረቱን ከልማዱ ለይተን፣ በትሕትና ለመመለስ እንሞክራለን። አላውቅም ማለትም መልስ ነው። ሦስተኛ፣ የጎረቤታችንን ሃይማኖት የኛ የጀግንነት መለኪያ አናደርገውም። ወሎ አባቱ መሐመድ፣ ልጁ ገብረ ማርያም የሆነበት፣ በሠርጉም በለቅሶውም ሁለቱ ዘመድ አብሮ የሚቀመጥበት አገር ነው። አዋጁ ያላቆመውን ዝምድና እኛ በስልካችን እንዳናፈርሰው።

ከስድስታችን አንዱ «ይኼማ በጣም ትንሽ ነው» ብሎ ተቃወመ። ትንሽ ነው። እርሱ ግን እስካሁን አንድ ምዕራፍ ነው ያጠናው፤ እኛም ከእርሱ ብዙ አልራቅንም። ትንሿም ከበደችን።

የአባ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ሐምሌ 7 ቀን ነው፤ የሥላሴ ዕለት። ያን ዕለት ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን መሄዳችን አይቀርም። ስንሳለም እግረ መንገዳችንን ያን ወፍጮ ላይ የተደፋውን ልጅ እናስታውሰው። ሌሊት ላይ ሰዓታቱ ከእንቅልፋችን ሲቀሰቅሰን ደግሞ ትራሱን ጆሯችን ላይ ከመጫናችን በፊት ቢያንስ አንዷን ቃል እንስማት።

ቸር ሰንብቱ።